ያልሰማሁት ስምንተኛ ዘፈን

በሕይወቴ ብዙ የሰው ወረቀት አንብቤያለሁ። የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የመርዶ ደብዳቤ፣ የጋብቻ ውል፣ የስድብ ወረቀት ሳይቀር አንብቤ ለባለቤቱ አስረድቻለሁ። መስመሩ የጠፋብኝ ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን ያነበብኩት የራሴን ጽሑፍ ነበር።

ከማል እባላለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አሰላ ነው። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። እቤት ኦሮምኛ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ አማርኛ እየተናገርኩ አደግሁ። ይህ የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ነው። ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ፣ ከአንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቼ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ባላገሩ በኦሮምኛ ይነግረኛል፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። ውሳኔ ሲሰጠው ደግሞ ወረቀቱን ይዞልኝ ይመጣና በኦሮምኛ አስረዳዋለሁ። «ከማል አይጨምርም፣ አይቀንስም» የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር። የምበላው እንጀራ በዚያ ስም የመጣ ነው።

ሌላም ስም ነበረኝ፤ እሱን ግን ማንም አያውቅም። አዲስ አበባ ለሚታተም አንድ ጋዜጣ «የጭላሎ ታዛቢ» እያልኩ በፖስታ ጽሑፍ እልክ ነበር። ስለ ከተማው ጭቃ ጻፍኩ፣ ወጣ። በገበያ ቀን ስለሚለቀቁ ከብቶች ጻፍኩ፣ ያም ወጣ። የራሴን ቃል ታትሞ ሳየው ቁመቴ የጨመረ ይመስለኝ ነበር። በዚያ ዕድሜ ሰው ራሱን ታላቅ ለማድረግ ብዙ ነገር አያስፈልገውም።

በዚያ ዘመን በአርሲ ምድር ጋሽ ሽብሩን የማያውቅ አልነበረም። የዴራ ሰው ነው፤ ክራር ይመታል፣ ግጥሙንም ዜማውንም የሚያወጣው ራሱ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰርግ ሲያደምቅ ኖሯል። በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል፣ ሽማግሌውን ሳይቀር ከመቀመጫው ያስነሳዋል። እኔም ልጅ ሆኜ በእሱ ዘፈን ጨፍሬያለሁ።

አንድ ቀን ጋሽ ሽብሩ ሸክላ አሳተመ ተባለ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ ድምፁን አስቀድቶ ውጭ አገር ልኮ አሳትሞለታል። አራት ሸክላ ነው፣ በግራና በቀኙ ስምንት ዘፈን፣ እንደ መጽሐፍ በሚገለጥ ወፍራም መያዣ ውስጥ። አሰላ ውስጥ አንዱን ሙሉ መያዣ ያስመጣችው እትዬ አስካለ ነበረች። ሻይ ቤት አላት፣ ሻይ ቤቷ ውስጥም ግራሞፎን።

ሸክላው የተከፈተው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰዉ ትከሻውን አዘጋጅቶ ነው የመጣው። እትዬ አስካለ መርፌውን አሳረፈችው። ክራሩ ቀስ ብሎ ገባ፤ ቀስ እንዳለም ቀረ። ቀጥሎ የጋሽ ሽብሩ ድምፅ መጣ፣ ከመዝፈን ይልቅ ለራሱ የሚያወራ ይመስላል። ሰርገኛው ከተበተነ በኋላ እንቅልፍ ለምን እንደማይወስደው ነው የሚዘፍነው። ሰዎች ተያዩ።

«ታሟል እንዴ?» አለ አንዱ።

«ቆዩ፣ በኋላ ያሞቀዋል» አለች እትዬ አስካለ። ሸክላውን ገለበጠችው። ሁለተኛውም ያው ነው። ሰው ፊት ከመቆሙ በፊት ስለሚይዘው ፍርሃት ነው የሚናገረው። ግማሹ ላይ ሳይደርስ ከኋላ ጩኸት ተነሳ።

«አንሺው እትዬ አስካለ! እሑዳችንን አታበላሺብን!»

አነሳችው። ሌላ የጭፈራ ሸክላ ተደረገ፣ ቤቱም ወዲያው ሞቀ።

እኔ ግን ወደ ቤቴ ሄጄ ብዕሬን አነሳሁ። የተሰማኝ ቅሬታ የእውነት ነበር። ልጨፍር ሄጄ ሳልጨፍር ቀርቻለሁ። ሐሰቱ የገባው ሁለተኛው መስመር ላይ ነው። እንዲህ ነበር የጻፍኩት፦ «ሠላሳ ዓመት ያስጨፈረን ሽብሩ ዛሬ ኑዛዜውን በሸክላ አሳትሞ ልኮልናል። ስምንቱንም ዘፈኖች ደጋግሜ ሰምቼ ከአንዱም ውስጥ ዘፈን አላገኘሁም። ሰውዬው የደከመ ድምፁን በእንባ ሊሸፍን ሞክሯል። ለራሱ ማልቀስ የፈለገ ሰው ቤቱን ዘግቶ ያልቅስ፤ ሕዝብን ለቅሶ መጥራት ግን ጨዋነት አይደለም።»

ከስምንቱ የሰማሁት አንድ ተኩል ነበር።

ጽሑፉ ወጣ። ጋዜጣው አሰላ ሲደርስ ሰው እየተቀባበለ አነበበው። «ቤቱን ዘግቶ ያልቅስ» የሚለው በየሻይ ቤቱ መቀለጃ ሆነ። እኔም ጸሐፊው እኔ መሆኔን ሳልናገር ከሚስቁት ጋር አብሬ ሳቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ጋሽ ሽብሩ የተጠራበት አንድ ትልቅ ሰርግ ለሌላ ክራረኛ እንደተሰጠ ሰማሁ። በእኔ ጽሑፍ ይሆን ብዬ አሰብኩ፤ ግን ተውኩት።

ከዚያ በኋላ በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት ነው ነገሩ የመጣው። ካፊያ ነበር፣ ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብዬ ስጽፍ አንድ ሰው ከፊቴ ቆመ። ቀና ስል ጋሽ ሽብሩ ነው። ከዴራ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ መምጣቱን ከካፖርቱ አቧራ አወቅሁ፤ ካፊያው አቧራውን ጭቃ አድርጎታል። ክራሩን በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል።

«ከማል የምትባለው አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሽ ሽብሩ። ይቀመጡ።»

ተቀመጠ። ከደረት ኪሱ ብዙ እጅ ያሸው የጋዜጣ ቁራጭ አወጣ። ገና ሳይዘረጋው አወቅሁት።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አለኝ። «ይህን ዴራ ላይ ሦስት ሰው አነበበልኝ። ሦስቱም የተለያየ ነገር ነው ያነበቡልኝ። አዝነውልኝ መሆኑ ገብቶኛል። እኔ ግን የተጻፈውን ነው የምፈልገው። አሰላ ውስጥ የማይጨምር፣ የማይቀንስ ሰው አለ ሲሉኝ መጣሁ።»

ወረቀቱን ተቀበልኩት። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ቅጽበት ያሰብኩት ስለ እሱ አይደለም፤ ስለ ራሴ ነው። እንዴት ብዬ ላምልጥ? ማንበብ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን መስመር እንዳለ አነበብኩት። የድምፁ ነገር ላይ ስደርስ ምላሴ አልታዘዝ አለኝና፣ «ድምፁ ትንሽ ደከም ቢልም እንባ እንባ የሚያሰኝ ነው» ብዬ አለፍኩ።

«ቆይ» አለ። «እሷን ድገማት።»

«ድምፁ ቢደክምም ሰው ያስለቅሳል» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

«ቅድም “እንባ እንባ የሚያሰኝ” ነበር። አሁን “ሰው ያስለቅሳል” ሆነ። ልጄ፣ ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ቃል አይጠፋኝም። አንዴ የሰማሁት ስንኝ እስክሞት አብሮኝ ነው። ወረቀት ላይ የተቀመጠ ቃል ይለዋወጣል እንዴ?»

«አይለዋወጥም» አልኩ።

«እንግዲያው አንብብልኝ። ለሐዘኔታ ብዬ አይደለም እዚህ ድረስ የወጣሁት።»

አነበብኩለት። አንድ ቃል ሳልዘል እስከ መጨረሻው አነበብኩ። «ቤቱን ዘግቶ ያልቅስ» የሚለውን የራሴን ቃል በራሴ አፍ ለባለቤቱ ነገርኩት። ከጎናችን ተራ የሚጠብቁ ሁለት ባላገሮች ጉዳዩ ባይገባቸውም ወደ እኛ ዞሩ።

ጋሽ ሽብሩ ቁራጩን ከእጄ ወስዶ አጣጠፈው። ከዚያ ቀና አለ።

«ስምንቱንም ደጋግሞ ሰምቷል፣ አይደል? እንደዚያ ነው የሚለው?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እንግዲያው ጨካኝ ሰው ነው። ስምንተኛውን ሰምቶ እንዲህ ከጻፈ ጨካኝ ነው። ቢሆንም አልንቀውም፤ ቁጭ ብሎ ሰምቶኛል። ወረቀት አለህ? መልስ ጻፍልኝ።»

ወረቀት አወጣሁ። እሱ እያለ እኔ ጻፍኩ፦

«ለጭላሎ ታዛቢ። ጌታዬ፣ ጽሑፍዎ ተነቦልኛል። ድምፅዎ ደክሟል ያሉኝ እውነት ነው፤ አልከራከርም። ስምንተኛው ዘፈን ግን ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ኦጎልቾ ከተማ ታሞ ተኝቶ “ሽብሩን ጥሩልኝ” እያለ እኔ አርቦዬ ሰርግ ላይ ነበርኩ። የተላከብኝ ሰው ደርሶ ነበር። ዘፈኑ ደምቆ ስለነበረ “ነገ እሄዳለሁ” ብዬ መለስኩት። ነገ አልደረስኩም። ይህን ለመዝፈን ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል። የቱ ስንኝ ውሸት እንደመሰለዎት ይንገሩኝ። ውሸት ካለበት…»

ብዕሬ ቆመ።

«ምነው? ቸኮልኩብህ?»

«ጋሽ ሽብሩ፣ ሰውዬው ስምንተኛውን አልሰማም።»

«በምን አወቅህ?»

«እኔ ነኝ።»

የገባው አልመሰለኝም። ደገምኩት። «የጭላሎ ታዛቢ እኔ ነኝ። ስምንቱን አልሰማሁም። የመጀመሪያውን ሙሉ፣ የሁለተኛውን ግማሽ ሰምቼ ነው የጻፍኩት።»

ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር። ብድግ ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ፣ ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ቆመ። ሊሄድ ነው ብዬ ነበር። በእውነት እንዲሄድልኝም ተመኝቼ ነበር። ዞረ።

«ተነስ» አለኝ።

«ወዴት?»

«ሸክላውን የሰማህበት ቤት የት ነው? ውሰደኝ። ስምንቱንም ቁጭ ብለህ ትሰማለህ። ከዚያ በኋላ ካልወደድከው እንደገና ጻፍ። ያኔ አልቀየምህም።»

ጠረጴዛዬን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ተከተልኩት። እትዬ አስካለ ስታየው ደነገጠች፣ ወንበር ሳበችለት። ግራሞፎኑን ልታዘጋጅ ስትል እጁን አነሳ። «እኔው በሕይወት እያለሁ ሸክላ ምን ያደርጋል?» አለና ክራሩን ከጨርቁ ፈታ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ገበያ ነው እኮ» አለችው ጎንበስ ብላ። «ሰዉ ሊዝናና ነው የሚገባው። ያንን ከዘፈኑ ይወጣብኛል። እርስዎም ያዝናሉ።»

«ይውጣ እትዬ አስካለ። የወጣውን አልይዝም። የተቀመጠውን ግን አታስነሺብኝ።»

እኔን ከፊቱ አስቀመጠኝ። ክራሩን ቃኘና ጀመረ። ጋሽ ሽብሩ ሻይ ቤት ውስጥ እየዘፈነ ነው የሚለው ወሬ ገበያውን ወዲያው አዳረሰው። ቤቱ ሞላ፣ በር ላይም ሰው ቆመ። በሦስተኛው ዘፈን ላይ መውጣት ጀመሩ። እሱ ቀና ብሎ እንኳን አላያቸውም። አምስተኛው በኦሮምኛ ነበር፤ በበሩ ያልፉ የነበሩ ሦስት ሽማግሌዎች ቆመው ሰሙ፣ ገቡ፣ ተቀመጡ። ስድስተኛው ረዘመ። ቤቱ ውስጥ ሳልና ሹክሹክታ በረከተ። ድምፁም ከፍ ያለውን ዜማ ሊይዝ እየሞከረ ሲሰነጠቅ ሰማሁት።

በዚህ መሃል ከጥግ የተቀመጠ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር እየሳቀ ተናገረ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ የሰርጉን ያምጡልን እንጂ! ጋዜጣውስ ቤትዎን ዘግተው ያልቅሱ ብሎ የለም?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ ሽብሩ ጣቱን ከክራሩ ላይ አላነሳም፤ ግን ቆመ። ወደ እኔም አላየም። ሊያሳጣኝ ቢፈልግ አንድ ቃል ይበቃው ነበር። አንዲትም ቃል አልወጣችውም።

እዚያ ላይ ነው እኔ የተነሳሁት።

«ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ ስለዚህ ጮኼ ደገምኩት። «ታዛቢው እኔ ከማል ነኝ! ዘፈኑን ሳልሰማ ሰምቻለሁ ብዬ ጽፌያለሁ። የሳቃችሁበትን ቃል ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ዋሽቼ ነው ያወጣሁት። ዛሬ ግን ልሰማ ተቀምጫለሁ። መስማት የማይፈልግ በሩ ክፍት ነው።»

ሳቁ ቆመ። ዘወር ስል ደንበኞቼን አየሁ፤ ወረቀታቸውን የማነብላቸው ሰዎች ናቸው። አንደኛው በጠዋቱ ያጻፈኝን ማመልከቻ እጁ ላይ ይዟል። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከሰማሁት ስድብ ሁሉ ይበልጥብኛል።

አምስት ስድስት ሰው ወጣ። ሌላው ተቀመጠ። ሾፌሩም ቀረ። ጋሽ ሽብሩ ሰባተኛውን ዘፈነ፣ ክራሩን እንደገና ቃኘ፣ ከዚያ ስምንተኛውን ጀመረ።

ወንድሜ ሲጣራ ስሜን እየጠራ፣
እኔ ሰው አስቃለሁ ከሙሽሮች ጋራ።

ጭብጨባው ነው ያኔ ያደነቆረኝ፣
አሁን ቤቱ ዝም ሲል ድምፁ ብቻ ቀረኝ።

ድምፁ አልተስተካከለም ነበር። ከእሱ የተሻለ የሚዘፍን ሃያ ሰው ልጠራላችሁ እችላለሁ። ግን ይህንን ዘፈን ከእሱ በቀር ማንም ሊዘፍነው አይችልም ነበር፤ እኔ ያልገባኝም ይኸው ነው። ስላልጨፈርኩበት ዘፈን አይደለም ያልኩት ነገር፣ አንድ ሰው ራሱን ፍርድ ቤት አቁሞ፣ ጠበቃ ሳይቀጥር፣ ጥፋቱን በገዛ አፉ ሲናገር ነበር። የእኔ ሥራ የሰው አቤቱታ መጻፍ ነው። ሁሉም «ተበደልኩ» ብሎ ነው የሚያጽፈኝ። «በደልኩ» ብሎ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎሮሮውን ጠርጎ በኦሮምኛ፣ «ወንድምህ ስሙ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀው።

«ተካ» አለ ጋሽ ሽብሩ።

ሽማግሌው ስሙን ለራሱ ደገመው። ሾፌሩ ባርኔጣውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር» አለ፣ ቤቱም «ነፍስ ይማር» ብሎ ተቀበለ። ጋሽ ሽብሩ ክራሩን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ፊቱን በካፖርቱ እጅጌ ጠረገ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እህስ?» አለኝ።

«ስድስተኛው ይረዝማል» አልኩት። «ከፍ ያለው ዜማም አልያዘልዎትም። ስምንተኛውን ግን… እጽፋለሁ ጋሽ ሽብሩ። በስሜ እጽፋለሁ።»

«እሱን ነው የምፈልገው» አለና ክራሩን መጠቅለል ጀመረ።

አንባቢ ሆይ፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ ተስተካክሎ አለቀ ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። አንድ ጊዜ ዋሽቼ ያየሁት ይበቃኛል። በማግስቱ ጠረጴዛዬ ጋ የመጣው ሰው ሁለት ብቻ ነበር። ከወር በላይ ብዙዎቹ ወረቀታቸውን ለሌላ ጸሐፊ ሰጡ። አልፈረድኩባቸውም። ለጋዜጣው አዲስ ጽሑፍ ላክሁ። የሰማሁትን ሁሉ፣ የወደድኩትንም ያልወደድኩትንም፣ ያለፈውን ሳልሰማ መጻፌንም ጨምሬ። አዘጋጁ መለሰልኝ፦ ምስጋናው ጥሩ ነው፣ ይወጣል፤ «ሳልሰማ ጻፍኩ» የሚለው ግን ጋዜጣውን ስለሚያሳፍር ይሰረዝ አለ። አይሰረዝም ብዬ መልሼ ላክሁት። ተመልሶ መጣ። ቃል በቃል ገልብጬ ለሦስተኛ ጊዜ ላክሁት። ከብዙ ሳምንት በኋላ በመጨረሻው ገጽ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል ወጣ፤ አንድ ቃል አልጎደለበትም፣ ከሥሩም ስሜ አለ።

ያን ጋዜጣ ይዤ ዴራ ወረድኩ። ጋሽ ሽብሩ ግቢው ውስጥ ከጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። አነበብኩለት። ስለ ድምፁ የጻፍኩት ላይ ስደርስ ሳልለዝብ አነበብኩ፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ስጨርስ፣ «ስድስተኛውን ስለ ርዝመቱ ያልከው ልክ ነህ። ሁለት ስንኝ አውጥቼለታለሁ፤ ስማው» አለኝና ክራሩን አነሳ። ሰማሁ። አሁንም ትንሽ የሚጎትት ቦታ እንዳለው ነገርኩት። ተከራከርን። ሳንስማማ ለምሳ ተጠራን።

ያ ሸክላ ብዙም አልተሸጠም። ጋዜጣ ላይ ስለ እሱ የጻፉ ሌሎች ሁለት ሰዎች አንዱ አጣጣለው፣ አንዱ አደነቀው። ሰርግ የሚጠሩት ሰዎች ግን ቀስ በቀስ ተመለሱለት፤ አንዳንዱ ጭፈራው ካበቃ በኋላ «ያቺን የወንድምህን» እያለ ያዘፍነው ጀመር። እሱም ኦጎልቾ አካባቢ ሲጠራ ሁልጊዜ ከሰርጉ በፊት የወንድሙን መቃብር ያይ ነበር።

እኔ ዛሬ ያኔ ጋሽ ሽብሩ ከነበረበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዘፈንም፣ ስለ መጽሐፍም፣ ስለ ሰውም ብዙ ጽፌያለሁ። በጻፍኩት የተቀየመኝ አለ፣ ያመሰገነኝም አለ። የምትፈርዱበት ነገር ሲገጥማችሁ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስሙት፤ ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉ፣ ጨክናችሁም ቢሆን በሉ። ስማችሁንም ከሥሩ ጻፉበት።